ሳይቃጠል በቅጠል፦ አሸባሪ መሬት ሲይዝ ዝም ማለት ምን ያስከፍላል?

[ምስል፦ ናይሮቢ፣ መሀል ከተማ፣ የሥራ ቀን ጠዋት]

ኦገስት 7 ቀን 1998። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። አንድ የጭነት መኪና ናይሮቢ ወዳለው የአሜሪካ ኤምባሲ የኋላ በር ይጠጋል። ጥበቃዎቹ አንከፍትም ይላሉ። ከመኪናው የወረደው ሰው የእጅ ቦምብ ይወረውራል። በአካባቢው ፎቆች ላይ ያሉ ሠራተኞች ድምፁን ሲሰሙ "ምንድን ነው?" ብለው ወደ መስኮት ይሮጣሉ።

መኪናው ላይ የተጫነው ፈንጂ የፈነዳው ያኔ ነው።

በዚያ ቀን ዓይናቸውን ያጡት ብዙዎቹ መስኮት ላይ ቆመው ነበር። መስታወቱ ፊታቸው ላይ ረገፈ። ከኤምባሲው አጠገብ የነበረው ኡፉንዲ የሚባል ፎቅ ተደርምሶ በሰው ላይ ተከመረ። እዚያ ፎቅ ውስጥ የጸሐፊነት ሙያ የሚማሩ ተማሪዎች ነበሩ። በደቂቃዎች ልዩነት ዳሬሰላም ላይም ሁለተኛ ፈንጂ ፈነዳ። በሁለቱ ከተሞች 224 ሰው ሞተ፤ ከ4 ሺህ በላይ ሰው ቆሰለ። አልቃይዳ ያነጣጠረው አሜሪካ ላይ ነበር። ከሞቱት ውስጥ አሜሪካውያን ግን 12 ብቻ ናቸው። የቀሩት አብዛኞቹ ለሥራ የወጡ፣ አውቶቡስ የሚጠብቁ፣ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ኬንያውያንና ታንዛኒያውያን ነበሩ።

(በዚህ ቪዲዮ የምጠቅሳቸው ቀኖች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚያ ምን ተደረገ? ከ13 ቀን በኋላ አሜሪካ ሚሳኤል ተኮሰች። የተወሰኑት አፍጋኒስታን ውስጥ ኾስት አካባቢ ባሉ የአልቃይዳ ማሠልጠኛዎች ላይ ወደቁ። የቀሩት ካርቱም የሚገኝ የመድኃኒት ፋብሪካን መቱ። ፋብሪካው ከኬሚካል መሣሪያ ጋር ግንኙነት አለው የተባለው መረጃ ግን ብዙም ሳይቆይ ጥያቄ ውስጥ ገባ። ቢን ላደን ደግሞ ሚሳኤሉ በወደቀበት ቦታ አልነበረም። ያ አንድ ቀን አለፈ፤ ነገሩም ቀዘቀዘ።

ማሠልጠኛዎቹ ግን ሥራቸውን ቀጠሉ። በ1999 መጨረሻ ከጀርመን የተነሱ ጥቂት ወጣቶች እዚያ ደረሱ። አንደኛው መሐመድ አታ ይባላል። ናይሮቢ ከተመታች ከአንድ ዓመት በላይ አልፏል። ዓለም ቦታውን ያውቀዋል፤ ባለቤቱንም ያውቀዋል። አታና ጓደኞቹ ግን በሰላም ገቡ፣ ቢን ላደንን አገኙ፣ ተልዕኮ ተቀበሉ፣ በሰላም ወጡ። በኦክቶበር 2000 ኤደን ወደብ ላይ የቆመ የአሜሪካ የጦር መርከብ ተመታ፤ 17 መርከበኞች ሞቱ። የተሰጠ ወታደራዊ ምላሽ የለም። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጠዋት አታና ግብረ አበሮቹ በጠለፏቸው አውሮፕላኖች አሜሪካ ውስጥ 2,977 ሰው ተገደለ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

የዚህ ቪዲዮ ሐሳብ ከዚህ ይነሳል። ጦርነት እንደ ቀላል ነገር እንዲታይ አልፈልግም። የምሟገተው ለአንድ ነገር ነው፦ አሸባሪ ቡድን መሬት ሲይዝ፣ አቅሙ ያላቸው አገሮች ቀድመው፣ ቆርጠው፣ አስፈላጊ ሲሆንም በጦር ኃይል መግባት አለባቸው። መጠበቅ ከደሙ ንጹሕ የሚያደርግ ይመስለናል። ግን መጠበቅም ውሳኔ ነው። ሒሳቡን የሚከፍል ሰው ሁልጊዜ አለ።

[ካርታ፦ ኢራቅና ሶሪያ፣ 2014። ጥቁሩ ክፍል እየሰፋ ይሄዳል]

ለምን መሬት? ደብቆ የሚንቀሳቀስ አሸባሪና አገር የያዘ አሸባሪ በጣም ይለያያሉ። የተደበቀው ሰው ስልክ ለመደወል ይፈራል። በአንድ ቤት ሁለት ሌሊት አያድርም። ገንዘብ የሚያገኘው በስርቆትና በልመና ነው። ከፖሊስና ከደኅንነት ሥራ ጋር ቢታገል ብዙ ጊዜ ይሸነፋል። መሬት የያዘው ግን ግብር ይሰበስባል። እስር ቤት አለው፤ የሥልጠና ሜዳ አለው። ሕፃናትን ከመጀመሪያ ክፍል ጀምሮ በራሱ መጽሐፍ ያስተምራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጊዜ አለው።

አይሲስን እዩት። ሞሱልን የያዘው ጁን 10 ቀን 2014 ነው። የኢራቅ ሁለተኛ ትልቅ ከተማ ናት፤ የወደቀችው በቀናት ውስጥ ነው። ወሩ ሳያልቅ "ካሊፌት" አወጀ። ከዚያ በኋላ የተገኙት ሰነዶቹ ያስደነግጣሉ፤ የሚያስደነግጡት ግን ተራ በመሆናቸው ነው። የልደት ምስክር ወረቀት አለ። የግብር ደረሰኝ አለ። የቅጣት ወረቀት ማኅተም ተደርጎበታል። ሴቶችን በባርነት ለመሸጥ የወጣ የዋጋ ዝርዝርም አለ። እንደ ማንኛውም ቢሮ ሰው ተሰልፎ የሚስተናገድበት የወንጀል ድርጅት ነበር። ጫፍ ላይ በደረሰበት ጊዜ ወደ 8 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በሥሩ ይኖር ነበር።

ኦገስት 3 ሲንጃር ላይ ደረሰ። ሲንጃር በሰሜን ኢራቅ ያለ የየዚዲዎች፣ የአንድ አናሳ የሃይማኖት ማኅበረሰብ፣ አገር ነው። ወንዶቹን ለይተው ገደሉ። ከ6 ሺህ በላይ ሰው፣ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት፣ ተጋዙ። ከእነዚህ አንዷ ከኮቾ መንደር የተወሰደችው ናዲያ ሙራድ ናት፤ በ2018 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሸልማለች። ያመለጡት በአሥር ሺዎች ሆነው ሲንጃር ተራራ ላይ ወጡ። ኦገስት ነው፤ ፀሐዩ ይነድዳል፤ ተራራው ላይ ውኃ የለም። ሕፃናት በጥም ይሞቱ ነበር።

እዚህ ጋ አንድ ጊዜ ቆም ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። እዚያ ተራራ ላይ ላለች እናት "ጣልቃ መግባት ሉዓላዊነትን ይጥሳል" የሚለው ንግግር ምን ትርጉም አለው? እሷ ጋ የደረሰው ከአውሮፕላን የተጣለ ውኃና ምግብ ነው። ኦገስት 8 አሜሪካ የአየር ድብደባ ጀመረች። የኩርድ ተዋጊዎች በምድር መተላለፊያ ከፍተው ሰው አወጡ። የኢራቅ መንግሥትም እርዱኝ ብሎ ጠይቋል፤ ሴፕቴምበር ላይ ለተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በደብዳቤ አሳውቋል።

ቀጥሎ የሆነው ረጅም ነው፤ በአጭሩ ልንገራችሁ። የሶሪያዋ ኮባኒ በጃንዋሪ 2015 ነጻ ወጣች። ሞሱል ዘጠኝ ወር የፈጀ የቤት ለቤት ውጊያ ተደርጎባት በጁላይ 2017 ተለቀቀች። የሶሪያዋ ራቃ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ተከተለች። የመጨረሻዋ ቁራሽ መሬት፣ ባጉዝ የምትባል የሶሪያ መንደር፣ በማርች 2019 ወደቀች። አይሲስ ዛሬም አለ፤ ይገድላል። ግን ግብር የሚሰበስብበት ከተማ የለውም። በኖቬምበር 2015 ፓሪስ ላይ 130 ሰው እንደገደለው ያለ ቡድን ሶሪያ ውስጥ በሰፊው አሠልጥኖ መላክ እንደ ድሮው አይችልም። ይህ ለውጥ በውግዘት መግለጫ አልመጣም። ሰው ሄዶ መሬቱን ስለነጠቀው ነው።

[ካርታ፦ ማሊ። ከቲምቡክቱ ወደ ደቡብ የሚወርድ ቀይ መስመር]

"ከመጀመሪያውስ እዚያ ሳይደርስ ማቆም አይቻልም ነበር?" ለሚል ሰው ማሊን አሳየዋለሁ።

በ2012 የፀደይ ወራት ሰሜን ማሊ ከመንግሥት እጅ ወጣ። ቲምቡክቱ በአንሳር ዲንና በአልቃይዳ ተባባሪዎች እጅ ወደቀች። ቲምቡክቱ የእስልምና ሊቃውንት ከተማ ናት፤ ለዘመናት የተከማቹ የእጅ ጽሑፎች አሏት። ሰዎቹ ሙዚቃ ከለከሉ። ሴቶችን ገረፉ። የቅዱሳኑን መቃብሮች በዶማና በመጥረቢያ አፈረሱ። የሲዲ ያህያን መስጊድ በር ሰበሩ። ተበዳዮቹ ሙስሊሞች ነበሩ፤ የፈረሰውም የሙስሊሞች ቅርስ ነው። ይህን የምለው ነገሩን የሃይማኖቶች ጦርነት አድርገው የሚያወሩ ስላሉ ነው። የእነዚህ ቡድኖች ቀንበር ከሁሉ ቀድሞ የሚያርፈው በሙስሊም ሕዝብ ላይ ነው።

በዚያ ጊዜ የከተማዋ የቤተ መጻሕፍት ሰዎች የእጅ ጽሑፎቹን በብረት ሳጥን እየቆለፉ፣ በመኪናና በጀልባ እየደበቁ ወደ ባማኮ አሸሹ። አብዛኛው የተረፈው በእነሱ ድፍረት ነው።

ዓለምስ? የጸጥታው ምክር ቤት በዲሴምበር 2012 የአፍሪካ ጦር እንዲገባ ፈቀደ። ጥሩ ነው። ግን ያ ጦር ከሴፕቴምበር 2013 በፊት ይደርሳል ተብሎ አልተጠበቀም። ታጣቂዎቹ ደግሞ እስከ ሴፕቴምበር ቁጭ ብለው አልጠበቁም። ጃንዋሪ 10 ቀን 2013 ኮና የምትባለውን ከተማ ያዙ። ከኮና ቀጥሎ ያለችው ሴቫሬ ናት፤ ትልቅ አውሮፕላን ማረፊያ አላት። እሷ ብትያዝ ከውጭ ጦር ማስገባት እጅግ ይከብድ ነበር።

የማሊ ጊዜያዊ ፕሬዝዳንት ዲዮንኩንዳ ትራኦሬ የፈረንሳይን እርዳታ ጠየቁ። በማግስቱ ጃንዋሪ 11 የፈረንሳይ ሄሊኮፕተሮች ውጊያ ላይ ነበሩ። አንድ አብራሪ በዚያው ቆስሎ ሞተ። የቻድ ወታደሮች በሰሜኑ ተራሮች ከባድ ዋጋ ከፈሉ። ጃንዋሪ 28 ቲምቡክቱ ተለቀቀች። ቁጠሩት፤ ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላም። ሕዝቡ ባንዲራ ይዞ መንገድ ላይ ወጣ። በኋላም የፈረሱትን መቃብሮች የከተማዋ ግንበኞች በራሳቸው እጅ መልሰው ሠሯቸው።

ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይህ ነው። ሞሱልን ለማስለቀቅ ዘጠኝ ወር ፈጅቷል፤ ምክንያቱም ጠላት ሁለት ዓመት ምሽግ ቆፍሯል። ቲምቡክቱን ለማስለቀቅ ቀናት በቂ ነበሩ።

[ምስል፦ የጸጥታው ምክር ቤት አዳራሽ]

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ። ከባድ ናቸው፤ ልሸሻቸው አልፈልግም።

የመጀመሪያው ኢራቅ፣ 2003 ነው። "ጣልቃ ገብነት ትላለህ፤ ኢራቅን ረሳኸው?" ይሉኛል። አልረሳሁትም። ያ ጦርነት የተከፈተው አለ በተባለ የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ነው፤ መሣሪያው አልተገኘም። በሜይ 2003 ደግሞ የኢራቅ ጦር በአንድ ትእዛዝ ተበተነ። መሣሪያ መያዝ የሚያውቁ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወንዶች ያለ ደሞዝ ቤታቸው ተላኩ። ከዚያ ቁጣ ውስጥ አልቃይዳ ሥር ሰደደ፤ የአይሲስም መነሻ እዚያ ነው። ስለዚህ 2003ን አልከላከልም። በሽብርተኝነት ላይ የተደረገ ጦርነት ብዬም አልጠራውም። መሬት የያዘ አሸባሪ ባልነበረበት ቦታ ገብቶ ለአሸባሪ መሬት ያመቻቸ ጦርነት ነው። አንድ ሐኪም በማያስፈልግ ቀዶ ሕክምና ሰው ቢጎዳ ሐኪሙ ይጠየቃል። ቀዶ ሕክምናን ግን ማንም አይከለክልም።

ሁለተኛው ሊቢያ፣ 2011። ኔቶ ከአየር መታ፤ ጋዳፊ ወደቀ፤ ሁሉም ወደ ቤቱ ሄደ። የጦር መሣሪያ መጋዘኖቹ ተበረበሩ። መሣሪያው በበረሃው ተሻግሮ ማሊም ደረሰ። ሲርት በ2015 የአይሲስ ከተማ ሆነች። በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ አይሲስ ሊቢያ ውስጥ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ሲገድል የሚያሳይ ቪዲዮ አወጣ። ይህን ቋንቋ የሚናገር ሰው ያንን ሳምንት አይረሳውም። በ2016 የሊቢያ ተዋጊዎች በአሜሪካ አየር ኃይል ታግዘው ሲርትን አስለቀቁ። በ2018 መጨረሻ ከከተማዋ ወጣ ብሎ የጅምላ መቃብር ተገኘ፤ የ34 ሰዎች አስከሬን ወጣ። የእኛው ልጆች መሆናቸውን የሊቢያ ባለሥልጣናት አስታወቁ። ሲርት ባትለቀቅ ኖሮ ያንን መቃብር የሚቆፍር አልነበረም።

ከሊቢያ የምወስደው ትምህርት "አትግባ" የሚል አይደለም። ገብተህ መሀል ላይ አትተው የሚል ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም የሚያመኝ ነው፤ የሰላማዊ ሰዎች ሞት። በማርች 2017 ሞሱል ውስጥ በአሜሪካ የሚመራው ጥምር ኃይል አንድ ሕንፃ መታ። ከ100 በላይ ሰላማዊ ሰዎች እዚያ ተጠልለው ነበር፤ ሞቱ። በኦክቶበር 2015 አፍጋኒስታን ውስጥ ኩንዱዝ ላይ የድንበር የለሽ ሐኪሞች ሆስፒታል ተደብድቦ 42 ሰው ተገደለ። በኦገስት 2021 ካቡል ላይ በሰው አልባ አውሮፕላን የተመታው መኪና የአሸባሪ አልነበረም፤ ከሞቱት 10 ሰዎች 7ቱ ልጆች ነበሩ። እነዚህ ስህተቶች "በጦርነት የሚያጋጥሙ" ተብለው መታለፍ የለባቸውም። ምርመራ ይገባቸዋል፤ ይቅርታም ካሳም ይገባቸዋል። ጣልቃ ገብነትን የሚደግፍ ሰው ከተቃዋሚው በላይ በዚህ ጉዳይ መጮኽ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም የደገፈው እሱ ነው።

ግን ሒሳቡ በአንድ ወገን ብቻ አይሠራም። ሲንጃር ላይ ቦምብ ባይጣል ሰው አይሞትም ነበር? እነዚያ ሕፃናት ቀድሞውኑ እየሞቱ ነበር። በቦምብ የሞተውን እንቆጥራለን፤ ሚዲያም ይመዘግበዋል፤ ትክክል ነው። ማንም ሳይደርስለት የሞተውን ግን "ውሳኔ ገደለው" ብሎ የሚጽፍ የለም።

ሕጉስ ምን ይላል? የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር የሌላ አገር ላይ ኃይል መጠቀምን ይከለክላል። አንቀጽ 51 ደግሞ ራስን የመከላከል መብት ይሰጣል፤ ለብቻም በጋራም። ከሴፕቴምበር 11ዱ ጥቃት ማግስት የጸጥታው ምክር ቤት ይህንኑ መብት አስታውሷል። አገሪቱ ራሷ ስትጋብዝ ነገሩ ይቀላል፤ ማሊና ኢራቅ ይህን አድርገዋል። ሶሪያ ላይ ግን ግብዣ አልነበረም። የሕግ ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል፤ ክርክሩ ቀላል ነው ብዬ አልዋሽም። እኔ ድምፄ ራቃን ለማስለቀቅ ነው። አይሲስ ከድንበሩ ወዲህ ሲመታ ከድንበሩ ወዲያ ተሻግሮ የሚያርፍ ከሆነ፣ ድንበሩ የሚያገለግለው እሱን ብቻ ነው።

[ምስል፦ ሞቃዲሾ፣ ወደቡና አውሮፕላን ማረፊያው]

ነገሩ የኃያላን ብቻ እንዳይመስላችሁ። ብዙ ያልተነገረለት ሥራ የተሠራው በአፍሪካ ወታደሮች ነው። አሚሶም የተባለው የአፍሪካ ኅብረት የሶማሊያ ተልዕኮ በ2007 ሞቃዲሾ ሲገባ የኡጋንዳ፣ በኋላም የቡሩንዲ ወታደሮች የያዙት ወደቡን፣ አውሮፕላን ማረፊያውንና ጥቂት መንገዶችን ነበር። በኋላ የቀረውን ከተማ አብዛኛውን አልሸባብ ያዘው። በግድግዳ ላይ ቀዳዳ እየበሱ ከቤት ወደ ቤት ይዋጉ ነበር። በጁላይ 2010 አልሸባብ ካምፓላ ላይ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የሚያዩ ሰዎችን በፈንጂ ገደለ፤ ከ70 በላይ ሞቱ። መልእክቱ ግልጽ ነበር፤ ኡጋንዳ ውጪ። ኡጋንዳ አልወጣችም። በኦገስት 2011 አልሸባብ ከሞቃዲሾ ወጣ። በማርች 2012 የቱርክ አየር መንገድ መደበኛ በረራ ጀመረ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ፕሬዝዳንት የተመረጠው እዚያው ከተማ ውስጥ ነው።

አልሸባብ ግን አልጠፋም። በኦክቶበር 2017 ሞቃዲሾ መንገድ ላይ የፈነዳው የጭነት መኪና ከ500 በላይ ሰው ፈጅቷል። ማሊም ወደኋላ ሄዳለች። ፈረንሳይ በ2022 ለቅቃ ወጣች፤ በ2023 ቲምቡክቱ እንደገና በታጣቂዎች ተከበበች። አፍጋኒስታንን ሁላችሁም አይታችኋል፤ ካቡል ኦገስት 15 ቀን 2021 ወደቀች፤ ዓመት ሳይሞላ የአልቃይዳው መሪ አይመን አልዛዋሂሪ እዚያው ካቡል መሀል ቤት ይዞ ሲኖር ተገኝቶ ተገደለ።

ይህ ሁሉ "አይሠራም" ለሚሉት ማስረጃ ይመስላል። እኔ ሳየው ግን ሌላ ነገር ይታየኛል። መሬት ማስለቀቁ ሠርቷል፤ ያልሠራው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ያ ክፍል አውሮፕላን አይፈልግም። ደሞዙን በወሩ የሚያገኝ ፖሊስ ይፈልጋል፤ ጉቦ የማይበላ ዳኛ ይፈልጋል። ማሊ ውስጥ የውጭው ጦር ለዓመታት ሲቆይ ባማኮ ያለው መንግሥት በመፈንቅለ መንግሥት ሲገለባበጥ ነበር፤ ገበሬው ደግሞ የገዛ ወታደሮቹን እንደ ታጣቂዎቹ መፍራት ጀመረ። ይህን የውጭ ቦምብ አይፈውሰውም። ስለዚህ ጠንካራ የውጭ ፖሊሲ ስል ጄት ብቻ ማለቴ አይደለም። ገንዘባቸው የሚሄድበትን መንገድ መዝጋት፣ የሚደግፏቸውን መንግሥታት ስማቸውን ጠርቶ መጫን፣ የሚረዱትን መንግሥትም "ወታደርህ ሰላማዊ ሰው ገድሏል" ብሎ መያዝ፤ ሁሉም የዚያው ሥራ አካል ናቸው።

የሚያበሳጨኝ ደግሞ ቆርጠው የገቡትን ሰዎች በበጀት ማድከም ነው። በ2016 የአውሮፓ ኅብረት ለአሚሶም ወታደሮች ይሰጥ የነበረውን አበል በ20 በመቶ ቀነሰ። በዚያው ወር፣ ጃንዋሪ ላይ፣ ሶማሊያ ውስጥ ኤል አዴ የነበረው የኬንያ ጦር ሰፈር በአልሸባብ ተወረረ፤ ብዙ ወታደሮች አለቁ። አንዱ ሌላውን አመጣ እያልኩ አይደለም። ግን የዚያን ወር ዜና ሳስብ ምሽግ ውስጥ ሆኖ አበሉ መቀነሱን የሚሰማው ወታደር ይታየኛል።

ተልዕኮው በ2022 አትሚስ ተባለ። በጃንዋሪ 2025 አውሶም ተባለ። ስሙ ሲቀየር ምሽጉ ያው ነው፤ አልሸባብም ከከተማው ውጪ ያው ነው። አውሶም ሥራ ሲጀምር የወታደሮቹን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ገና አልተቋጨም ነበር።